1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜ አይናገርም፦ ስለ ማርትሬዛ ጠገራ ብር ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከአያቴ የወረስኩት አንድ ጠገራ ብር አለኝ። እሷ የአባ ጅፋር ብር ነበር የምትለው። በአንድ በኩል ዓይነ ርግብ የተከናነበች ሴት፣ በሌላው በኩል ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ዓመቱ 1780 ይላል፣ ከጎኑም የኤክስ ምልክት አለ። አንገት ላይ እንዲታሰር አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። አጎቴ ንግሥቲቱ ስትሞት ለመታሰቢያዋ የወጣ ነው፣ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ብዙ ያወጣል ይለኛል። ጎረቤታችን ደግሞ የእመቤታችን ሥዕል ነው አለችኝ። ገበያ ያለ አንጥረኛ በግራም ልግዛሽ ብሎኛል። ከሴትየዋ ደረት ሥር ያሉት ሁለት ፊደሎች የሠዓሊው ስም ናቸው? ጠቁሯልና ላጽዳው? ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?»

ምላሽ፦ በእጅዎ ያለው ማርትሬዛ ነው። የመታሰቢያ ሳንቲም አይደለም፤ አባ ጅፋርም አላስቀረጹትም፤ ሥዕሉም የእመቤታችን አይደለም። 1780 የሚለው ቁጥርም ጠገራው መቼ እንደተመታ አይገልጽም። ከእነዚህ ስህተቶች ሁሉ ኪስ የሚጎዳው የመጨረሻው ነው። ዕድሜውን ከቁጥሩ ያሰላ ሻጭ በማይገኝ ዋጋ ሲጠብቅ ይኖራል፤ እንዲሁ ያሰላ ገዢ ደግሞ በአባቱ ዘመን የተመታ ብር በሁለት መቶ ዓመት ዕቃ ዋጋ ይገዛል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጠገራው ላይ ያለው 1780ም እንዲሁ ነው፤ በእኛ 1772 እና 1773 ላይ ያርፋል።

ሴትየዋ የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ ናት። በ1717 ተወለደች፣ በ1740 ሥልጣን ያዘች፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ሞተች። ምስሏ ያለበት ትልቅ ብር መመታት የጀመረው ከ1741 ወዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ የምትታየው ወጣት ሴት ናት፤ ዓይነ ርግብ የላትም። በ1765 ባሏ ቀዳማዊ ፍራንስ ሲሞት መበለት ሆነች፤ ከዚያ በኋላ በተቀረጹት ሳንቲሞች ላይ ራሷን የሚሸፍን የሐዘን ዓይነ ርግብ ተጨመረ። ጎረቤትዎን ያሳሳታቸው ይህ ነው። የተከናነበች ሴት፣ «ማሪያ» ከሚል ስም ጋር፣ በእኛ ዓይን ሌላ ትርጉም ቢያገኝ አይገርምም። ዓይነ ርግቡ ግን የመበለትነት ምልክት ነው። ፀጉሯ ላይ በዕንቁ የተደረደረ ዘውድ መሳይ ጌጥ፣ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ልብሷን የያዘ፣ ዙሪያውን በዕንቁ የተከበበ ፈርጥ ይታያል። ይህን ፈርጥ ያስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

በምስሏ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሑፍ በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው። ሲዘረዘር «ማሪያ ቴሬዛ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የሮማውያን እቴጌ፣ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት» ይላል። «የሮማውያን እቴጌ» የተባለችው በባሏ በኩል ነው፤ በራሷ መብት የነገሠችባቸው ሃንጋሪና ቦሄሚያ ናቸው። በንስሩ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ይቀጥልና «የኦስትሪያ አርክዱቼስ፣ የቡርጎኝ ዱቼስ፣ የቲሮል ቆንቴሳ»፣ ማለትም የእነዚህ አገሮች ባለርስት ገዢ፣ ብሎ 1780 ላይ ያበቃል። ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው የኤክስ ምልክት አሥር ቁጥር አይደለም፤ የተሰረዘ ገንዘብ ምልክትም አይደለም። የቡርጎኝ መስቀል የሚባለው ሰያፍ መስቀል ነው፤ ከ1750 ጀምሮ አዲሱን የብር ልክ ለማመልከት የገባ ነው።

ወደ ሁለቱ ፊደሎች እንምጣ። ኤስ እና ኤፍ የቀራጩ ስም አይደሉም። ጉንዝቡርግ በምትባል፣ ዛሬ በደቡብ ጀርመን በምትገኝ ከተማ የነበረው የገንዘብ መቅረጫ ቤት ሁለት ኃላፊዎች የስም መጀመሪያዎች ናቸው፦ ቶቢያስ ሾብልና ዮሴፍ ፋቢ። ፊደሎቹ የጥራት ኃላፊነት ፊርማ ናቸው፤ የብሩ ልክ ቢጎድል የሚጠየቁት እነሱ ነበሩ። ጉንዝቡርግን የሚያመለክት ሌላም ነገር አለ። በንስሩ ደረት ላይ ያለውን ጋሻ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በአራት ተከፍሏል፤ ሃንጋሪ፣ ቦሄሚያ፣ ቡርጎኝና ቡርጋው፣ መካከል ላይ ኦስትሪያ። ቡርጋው ጉንዝቡርግ የምትገኝበት አነስተኛ ግዛት ነበረች፤ ከትላልቆቹ አክሊሎች ጎን የተሰለፈችው መቅረጫው እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። የጉንዝቡርጉ ቤት በ1805 ተዘጋ። ሁለቱ ፊደሎችና ያቺ የጋሻ ሩብ ግን ሰዎቹም ቤቱም ከጠፉ በኋላ በሌሎች ከተሞች በሚመታው ጠገራ ላይ ሁሉ እንዳሉ ቀጠሉ። ስለዚህ ኤስ እና ኤፍ ማየት ማለት ጠገራው ጉንዝቡርግ ተመታ ማለት አይደለም።

ይህ ለምን ሆነ? አንድ ገዢ ሲሞት ቀጣዩ የራሱን መልክ ያስቀርጻል፤ ልማዱ ይኸው ነው። ማርትሬዛ ግን ያን ጊዜ የኦስትሪያ የውስጥ ገንዘብ ብቻ አልነበረችም። በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚነግዱ ሰዎች ቡና፣ ቅመምና ሌላም ዕቃ ይገዙባት ነበር። ሻጩ ላቲን አያነብም፤ የሚያውቀው መልኩን ነው። መልኩ ከተለወጠ ገንዘቡ ተለወጠ፤ ተጠራጥሮ ይመልሳል ወይም ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ብር አምጥተው የሚያስመቱ ነጋዴዎች የሟቿን ንግሥት መልክ፣ የመጨረሻ ዓመቷን ጭምር፣ ሳይነካ እንዲመታላቸው ጠየቁ። መቅረጫዎቹም ትርፍ ነበራቸውና እሺ አሉ። ዓመቱ 1780 ላይ የቆመው በዚህ ነው። መታሰቢያ ተብሎ የታሰበ ነገር የለበትም፤ የንግድ ማኅተም ነው። በ1857 ዐፄ ፍራንስ ዮሴፍ የንግድ ገንዘብ መሆኑን በሕግ አጸኑት፤ በ1858 ደግሞ ኦስትሪያ ውስጥ ሕጋዊ መገበያያ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ በተመታበት አገር እንጀራ እንኳ የማይገዛ፣ ለውጭ ገበያ ብቻ የተሠራ ገንዘብ ነው።

የንድፉ ብልሃት ከውበቱ ይልቅ ለማጭበርበር አለመመቸቱ ላይ ነው። ወርቅና ብር ገንዘብ በነበረበት ዘመን ሌቦች ጠርዙን በሞረድ እየፋቁ ብናኙን ይሰበስቡ ነበር። ማርትሬዛ ጠርዟ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍና ጌጥ ዙሪያውን ተቀርጾበታል፤ ጠርዙ ከተፋቀ ጽሑፉ ይጠፋል። ፊቷ ላይ ያለው ቅርጽም ጎላ ብሎ የወጣ ስለሆነ፣ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፉት የዘውዱና የፈርጡ ዕንቁዎች ናቸው። የእኛ ነጋዴዎች ዕንቁዎቹን አንድ በአንድ የሚቆጥሩት፣ ሁለቱ ፊደሎች ጥርት ብለው መታየታቸውን የሚያጣሩት ለዚህ ነበር። ፊደል የማያውቅ ሰው በጣቱ ዳስሶ የብሩን መጉደል የሚያውቅበት ዘዴ ነበር። ያለቀ፣ የተበሳ ወይም ዕንቁው የማይቆጠር ጠገራ ወይ ይመለሳል ወይ በቅናሽ ይሄዳል። የሴትየዋ ደረት ደልደል ማለቱ ነው ያስወደዳት የሚለውን ተረት ይተዉት። ያስወደዳት ልክ አለመጉደሏ ነው።

ጅማ ላይ «የአባ ጅፋር ብር» የመባሉም ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ የራሳቸውን ሳንቲም አላስቀረጹም። የሐሙሱ የሂርማታ ገበያ ግን ከደቡብ ምዕራቡ ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሰውም ሳይቀር የሚሸጠው በዚህ ጠገራ ነበር። አንድ ጠገራ ለዕለት ሸመታ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ለዝርዝር አሞሌ ጨው አብሮት ይሄድ ነበር። አያትዎ ስያሜውን ከዘመኑ አወጡት እንጂ ከቀረጸው አይደለም፤ እንደ ቤተሰብ ታሪክ ትክክል ነው፣ እንደ ሳንቲም መለያ ግን አይሠራም። የገንዘባችን ስም «ብር» የሆነውም ከዚሁ ከማዕድኑ ነው።

ይህን መልክ ለመተካት የተሞከረው ብዙ ጊዜ ነው፤ ሙከራዎቹም ንድፍ ምን ያህል እንደሚያስር ያሳያሉ። ጣሊያኖች ለኤርትራ በ1891ና በ1896 የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን መልክ ይዞ የመጣ፣ ታለሮ የሚባል ትልቅ ብር አወጡ። መልኩ እንግዳ ነበር፤ ከሺህ እጅ ንጹሕ ብሩም 800 ብቻ ነበር፣ የማርትሬዛ ግን 833 ነው። ነጋዴው ሁለቱንም አይቶ ተወው። በ1918 ደግሞ ተሻሽለው ሴት አቀረቡ፤ ጣሊያንን የምትወክል፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ማርትሬዛን የምትመስል። ክብደቱን አስተካከሉ፣ ብሩን 835 አደረሱ። እሷም አልተሳካላትም፤ ዕንቁ የሚቆጥር ሰው በመምሰል አይታለልም። እርስዎ ዘንድ ያለው ከዚህ ዓይነቱ አለመሆኑን 1780 እና ሁለቱ ፊደሎች ያረጋግጣሉ።

ከሁሉ የተሻለው ሙከራ የዐፄ ምኒልክ ነው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስቀረጹት ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከማርትሬዛ ጋር ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ግራም አይዘልም። መልኩን የቀረጸው ፈረንሳዊው ዡል ክሌማን ሻፕላን ነው፤ በኋላ ባለ ዶሮውን የፈረንሳይ 20 ፍራንክ ወርቅ የነደፈው ሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው ወደ ቀኝ ይመለከታሉ፤ በጀርባው አንበሳው ሰንደቅ ይዞ ይራመዳል። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተጽፏል፣ በእኛው አቆጣጠር። ይህን እንደ አውሮፓ ዓመት የሚያነቡ ሰዎች ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታሉ። በ1887ቱ ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን ያነሳል፣ በኋላ ከወጡት በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የቀኙን፤ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ይህን ሁሉ ያነሳሁት በቤትዎ የዐፄ ምኒልክ ብር ከተገኘ ከማርትሬዛው ጋር ደባልቀው በግራም እንዳይሸጡት ነው። ብዙውን ጊዜ ከማርትሬዛ ይበልጥ ይፈለጋል፤ ስለሚፈለግም ሐሰተኛው ይበዛል። በዘመኑ ግን የምኒልክ ብር ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣት አልቻለም። ሰው የሁለቱን ብር መጠን አንድ መሆን ቢያውቅም የለመደውን መልክ ይመርጥ ነበር።

አሁን የእርስዎ ጠገራ መቼ ሊመታ እንደሚችል እንይ። ከ1780 በኋላ ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ሌሎችም መትተውታል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሊዘምቱ ሲነሡ ለስንቅና ለጭነት የሚከፍሉበት ስላጡ ከቪየና 5 ሚሊዮን ያህል አዲስ ማርትሬዛ አስመቱ፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር ለመውጋት የመጣ ሠራዊት የመንገዱን በቅሎ የተከራየው በዚህች ሴት መልክ ነው። በ1935 ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ ጠገራው የሚመታበትን ማኅተም ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ውስጥ ማስመታት ጀመረ። ለሌሎች ነጋዴዎች የሚሸጥ ሲጠፋ ፓሪስ፣ በ1936 ለንደን፣ በ1937 ብራስልስ፣ በጦርነቱ ዓመታት ቦምቤይ፣ በኋላም በርሚንግሃም መቱ። ውሉ ሲያልቅ ቪየና በ1961 እንደገና ጀመረች፤ እስከ ዛሬም ትመታለች። በጠቅላላ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። ወደ እኛ አገር ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ስለዚህ በጅማ ቤት ውስጥ የተገኘ ጠገራ ከንግሥቲቱ ዘመን ሳይሆን ከእነዚህ ዘመናት መሆኑን መገመት ይቀላል። እነዚህን መቅረጫዎች የሚለዩት በንስሩ የክንፍና የጅራት ላባዎች አወጣጥ፣ በፈርጡ ዕንቁዎች፣ በፊደሎቹ ቅርጽና በጠርዙ ጌጥ ነው። ልዩነቶቹ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው። ሮማም ቪየናም የተጠቀሙት ከአንድ ምንጭ በመጣ ማኅተም ስለሆነ አንዳንዶቹን ባለሙያም በእርግጠኝነት አይለያቸውም። ፎቶ ብቻ አይቶ «ይህ የ1780 ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይመኑት።

እውነተኛ የመታሰቢያ ሳንቲም ምን እንደሚመስል ማወቅ ለአጎትዎ ይጠቅማል። በ1964 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዐፄ ዮሐንስ፣ የዐፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልኮች የተቀረጹባቸው ባለ 5 ብር የብር ሳንቲሞች ወጥተዋል። እነዚያ ለሰብሳቢ የተሠሩ ናቸው፤ ገበያ አልዞሩም። ማርትሬዛ የዚህ ተቃራኒ ናት።

ከሐሰተኛ መለየቱ ከዓመቱ ይልቅ ቀላል ነው። ያልተነካ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ ከ39.5 እስከ 41 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። እርስዎ ዘንድ ያለው ማንጠልጠያ ስላለበት ከ28 ግራም በላይ ቢመዝን አይደንግጡ፤ ክብደቱን ብቻ ማየት ምንም አይፈታም። ይልቅ በውኃ ይፈትሹት። መቶኛ ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ያስፈልግዎታል። መጀመሪያ ጠገራውን በደረቁ መዝነው ይጻፉ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያጥልቁ፤ የብርጭቆውን ሥርም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ጠገራው የያዘው ቦታ ነው። ማንጠልጠያ የሌለው ጤነኛ ማርትሬዛ 2.75 አካባቢ ያሳያል። ማንጠልጠያ ላለበት የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ፤ ከ10.0 እስከ 10.3 ከመጣ ብሩ ብር ነው። በብር የተለበጠ መዳብ 8.9 ገደማ፣ ናስ ከዚያም በታች ይመጣል።

ይህ ፍተሻ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። ጠገራው ሥሩን ከነካ ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል። በንስሩ ላባዎችና በማንጠልጠያው ሥር የአየር አረፋ ከተያዘ ቁጥሩ ይጨምርና እውነተኛው ብር ሐሰተኛ ይመስላል፤ ጠገራውን ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ነቅነቅ ያድርጉት። ማንጠልጠያው ከናስ ተሠርቶ ወፍራም ከሆነም ውጤቱ ትንሽ ይወርዳል። የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ በብልሃት ከተሠራ ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል፤ እሱን የሚያጋልጠው ልስላሴውና የጠርዙ ጽሑፍ ነው። በአሸዋ ወይም በጭቃ ቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ፊደሎቹ ይደፈናሉ፣ ፊቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይታዩበታል፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር አለው ወይም ተሞርዶ ጽሑፉ ጠፍቷል። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ ካልሳበው ግን ምንም አልተረጋገጠም፣ ናስንም አይስብምና።

በድምፅ መለየትን ብዙ ሰው ይወዳል፤ ብር ሲነካ ጥርት ብሎ ረጅም ይጮኻል። የእርስዎ ላይ አይሠራም። የተበየደ ማንጠልጠያ ድምፁን ስለሚያፍን እውነተኛውም «ዱፍ» ይላል። ድንጋይ ላይ መወርወርማ ለማንኛውም ጠገራ ክልክል ነው።

ስለ ማጽዳት፦ አያጽዱት። ጥቁረቱ ብሩ ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ ብሩን አይበላውም። አመድ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ፓውደር በአሉሚኒየም ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ የሚያነሡት ጥቁረቱን ብቻ አይደለም። አመድና የጥርስ ሳሙና ፊቱን በሺህ ጥቃቅን ጭረት ይሞሉታል፤ ሎሚ ከብሩ ውስጥ ያለውን መዳብ ያጠቃና ቀለሙ ይነጣል። የተፈተገ ጠገራ ሰብሳቢ ዘንድ ወዲያው ይታወቃል። ቅቤ ወይም ጭቃ ተጣብቆበት ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና ሳይፈትጉ አለቅልቀው፣ በጥጥ ጨርቅ እየነኩ ያድርቁት። ማንጠልጠያውንም አያስነቅሉት። ብየዳውን ለማቅለጥ የሚሰጠው ሙቀት ፊቱን ያጠቁራል፣ ቅርጹንም ያለዝበዋል፤ የተበየደበት ጠባሳ ደግሞ አይጠፋም። አንጥረኛው በመፈተኛ ድንጋይ ልሞርደው ካለዎትም አይፍቀዱለት፣ ውኃው በቂ ነው።

የጅማ እርጥበት ብርን በፍጥነት ያጠቁራል፤ ከምድጃ ጭስ ጋር ሲሆን ይብሳል። በላስቲክ አያሥሩት፤ ላስቲክ ውስጥ ድኝ ስላለ በመስመር ያጠቁረዋል። በጋዜጣም በለስላሳ ፕላስቲክ ኪስም አይጠቅልሉት፤ ፕላስቲኩ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ቅባት ያወጣል። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረው በንጹሕ ወረቀትና በትንሽ ክዳናም ማሰሮ ከኩሽና ርቆ ቢቀመጥ ይበቃል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ማንጠልጠያ ያለው ማርትሬዛ ለሰብሳቢ ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። አጎትዎ የሚሉት ትልቅ ገንዘብ የለም። ቢሆንም አንጥረኛው የሚያቀርበውን ዋጋ ልክ ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ፦ የጠገራውን ክብደት በ0.833 ያባዙና በዕለቱ የንጹሕ ብር የግራም ዋጋ ይምቱት። «ንጹሕ ስላልሆነ በግማሽ» የሚል ካለ ልክ አይደለም፤ መዳቡ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። የማቅለጫ ድካሙን ቢቀንስ ተገቢ ነው፣ ግማሽ ግን አይሆንም። ለውጭ ዜጋ ወይም ወደ ውጭ ለሚሄድ ዘመድ ለመስጠት ካሰቡ ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ ስለሆነ አስቀድመው የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ አይሽጡት። ለማቅለጫ የሚከፈልዎ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ከቀለጠ በኋላ ግን ጠገራውም ማንጠልጠያውም አይመለሱም። በዚህ ዕቃ ላይ በእውነት የጅማ የሆነው ማንጠልጠያው ነው፤ ሴትየዋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እህቶች አሏት፣ ያንን ብየዳ ግን አንድ የአካባቢ አንጥረኛ ለአያትዎ ነው የሠራው። ዛሬውኑ የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገው ያንሡ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ የአያትዎን ስም፣ የት ቀበሌ ይኖሩ እንደነበር፣ ጠገራውን በምን በዓል ያደርጉት እንደነበር፣ ማንጠልጠያውን ማን እንደበየደው የሚያስታውስ ዘመድ ካለ እሱንም ጠይቀው ይጻፉና ከጠገራው ጋር ያስቀምጡ። የማንጠልጠያውን ቀለበት ውስጠኛ ክፍልም ይመልከቱ፤ በክር ወይም በቆዳ ማሠሪያ የተበላ ጎድጓዳ ካለበት ጠገራው ለዓመታት እንደተደረገ ያሳያል፣ ፎቶ ሲያነሡ እሱም ይግባ።